ባያንግ ካቶ፦ ሕልማቸው ከሞታቸው በኋላ የተፈታ ሊቅ

ናይጄሪያዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ባያንግ ካቶ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1975 በኬንያ፣ ሞምባሳ አቅራቢያ በባሕር ሰጥመው ሲሞቱ ገና 39 ዓመታቸው ነበር።

በ1936 በናይጄሪያ፣ ኩዎይ በተባለ ስፍራ፣ የአባቶቻቸውን እምነት ከሚከተል ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ክርስትናን ተቀበሉ። ለከፍተኛ ትምህርት ግን ባሕር መሻገር ነበረባቸው፤ በመጀመሪያ ለንደን፣ ቀጥሎም የዶክትሬት ጥናታቸውን ወደሠሩበት አሜሪካ፣ ዳላስ።

ጥናታቸው ክርስትናን ከነባር የአፍሪካ እምነቶች ጋር ማቀላቀል አደጋ አለው ሲል የሚሞግት ነበር። የኬንያዊውን ሊቅ የጆን ምቢቲን ሐሳቦች አጥብቀው ተችተዋል። ተቺዎቻቸው በበኩላቸው ለአፍሪካ ባህል ተገቢውን ክብር አልሰጡም ይሏቸዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

በ1973 የአፍሪካና የማዳጋስካር ወንጌላውያን ማኅበር የመጀመሪያው አፍሪካዊ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ትልቁ ውጥናቸውም አፍሪካውያን እንደ እርሳቸው ሳይሰደዱ በአህጉራቸው እንዲመራመሩ ማስቻል ነበር።

በ1977 በባንጊ በፈረንሳይኛ፣ በ1983 ደግሞ በናይሮቢ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የድኅረ ምረቃ ተቋማት ተከፈቱ። ውጥኑን የጠነሰሱት ካቶ ግን አንዱንም ለማየት አልታደሉም።