አለቃ አያሌው ታምሩና የቆሎ ተማሪው ጉባኤ

ወላጆቻችን ስብከታቸውን የሰሙትን የአንድ ሊቅ ሕይወት በዚህች አጭር ጽሑፍ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። እኚህ አባት ዓይነ ስውሩ ሊቅ አለቃ አያሌው ታምሩ ናቸው።

አለቃ አያሌው በመጋቢት ወር 1915 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ፈንጣጣ ያዛቸውና የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። በዚያ ዘመን ፈንጣጣ ብዙ ሕፃናትን ይገድል ነበር፤ ከሞት የተረፉትንም ፊታቸውን ያበላሻል ወይም ዓይናቸውን ያጠፋል። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የተበሠረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ይህ የምሥራች ለሕፃኑ አያሌው ከ50 ዓመት በላይ የዘገየ ነበር።

ዓይኑ የጠፋ የገጠር ልጅ ምን ይሠራል? ማረስ አይችልም፤ ከብት አይጠብቅም። የብዙዎቹ ዕድል በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ እጅን መዘርጋት ነበር። አለቃ አያሌውን ከዚህ ያዳናቸው የአብነት ትምህርት ነው። የአብነት ትምህርት ቤትን አሠራር ልብ ብለን እንመልከት። ዜማው በጆሮ ይሰማል፤ በቃልም ይያዛል። ቅኔው በልብ ይቆጠራል፤ በየኔታ ፊትም በቃል ይነገራል። በትርጓሜ ቤት አንዱ ንባቡን ያሰማል፣ መምህሩ ይተረጉማል፣ ጉባኤው ያዳምጣል። ስለዚህ የሚያይና የማያይ በአንድ ጉባኤ እኩል ይቀመጣሉ። ዓይናማው ጓደኛውን መንገድ ይመራዋል፤ ዓይነ ስውሩ ደግሞ ጓደኛው የዘነጋውን ቃል ማታ ያስታውሰዋል። የመንደር እናቶችም ቁራሽ ይሰጣሉ። የቆሎ ተማሪ ሁሉ በዚያ ቁራሽ ይኖር ስለ ነበር፣ የዓይነ ስውሩ ቁራሽ ለእርሱ ብቻ የሚሰጥ ምጽዋት አልነበረም።

አለቃ አያሌው በዚህ መንገድ አድገው ሊቅ ሆኑ። በአዲስ አበባ አስተማሩ፣ ሰበኩ፣ ቤተሰብ መሥርተውም ልጆች አሳደጉ። በ1953 ዓ.ም. «የኢትዮጵያ እምነት በሦስቱ ሕግጋት» የተባለው መጽሐፋቸው ታተመ። በኋላም የቤተ ክርስቲያኒቱ የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ ሆኑ። ያመኑበትን ሳይፈሩ በመናገርም ይታወቁ ነበር። በነሐሴ ወር 1999 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከእርሳቸው አስቀድሞ በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስም በ4 ዓመቱ ታውሮ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ። ቤተ ክርስቲያንም ታላቁን ትምህርት ቤት እንዲመራ አደራ ሰጠችው። እንግዲህ ሁለቱም የየራሳቸው ትጋት ነበራቸው፤ ነገር ግን ወገን የመማሪያ መንገድና የሥራ ኃላፊነት ባይሰጣቸው ኖሮ ትጋታቸው ብቻውን የት ባደረሳቸው ነበር?

ወጣቶች ሆይ! እኛ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች የምንኖር ይህን ወደ ራሳችን እንመልሰው። ክራንች ይዞ አራተኛ ፎቅ ለሚወጣ ወንድማችን አስቤዛውን እንሸከምለታለን። ዓይነ ስውር እኅታችንን አስፋልት እናሻግራለን፤ ወንበርም እንለቅላታለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በመዝሙር ጥናት ወረቀት ሲታደል እርሷ ባዶ እጇን ትቀመጣለች። የአገልግሎት ተራ ሲወጣም የእርሷም የወንድማችንም ስም አይጻፍም። እንግዲያስ ያደረግነው ርኅራኄ እንጂ አብሮ መሥራት አይደለም።

ስለዚህ መዝሙሩን አስቀድመን በስልካችን እየቀዳን እንስጣት፤ እርሷም በቃሏ ይዛ ታስጠናን። ለወንድማችንም ምድር ቤት ተቀምጦ የሚሠራውን የሒሳብ መዝገብ በአደራ እንስጠው። ይህች በወረቀት የተባዛች መጽሔታችንም ለማያይ ሰው ዝም ያለች ናት። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን አጥፋችሁ በኪሳችሁ አትክተቱት፤ ለአንድ ዓይነ ስውር ጎረቤታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ከዚያም በሚቀጥለው እትም እርሱ ምን ሊጽፍልን እንደሚወድ ጠይቁት።