ዲዘንጎፍና የጠርሙስ ፋብሪካቸው

ቴል አቪቭ ወርዶ በዲዘንጎፍ ጎዳና ያልተንሸራሸረ ወጣት በማኅበራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሰውየው ግን ከንቲባ ከመሆናቸው በፊት እዚሁ እኛ አጠገብ፣ ከሐዴራ በስተሰሜን ባሕሩ ዳር፣ ፋብሪካ አቋቁመው እንዳልቀናቸው ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሜኢር ዲዘንጎፍ በ1861 እ.ኤ.አ. በቤሳራቢያ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በሩሲያ በፖለቲካ ምክንያት ታስረዋል። ኋላ ፓሪስ ሄደው የኬሚካል ምህንድስና ሲማሩ ከባሮን ኤድሞን ዴ ሮትሽልድ ጋር ተዋወቁ። ባሮኑ በዚክሮን ያዕቆብ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ነበራቸው፤ ወይን ጠጅ ደግሞ ጠርሙስ ይፈልጋል። እዚሁ አገር ቢሠራስ ተባለና ወጣቱ መሐንዲስ በ1892 ወደ ታንቱራ፣ ዛሬ ናሕሾሊም ወደምንለው ቦታ መጡ።

ወረቀት ላይ ሲታይ ቦታው እንከን አልነበረውም። ገዢው ኮረብታው ላይ፣ አሸዋው ደጃፍ ላይ ነው። ዛሬ ቢሆን ባለሙያዎች ርቀቱን፣ ጥሬ ዕቃውን፣ ሠራተኛውንና መንገዱን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብተው ፋብሪካው ያዋጣ እንደሆነ አስቀድመው ያዩታል። ያኔ ግን መሞከሪያው ፋብሪካው ራሱ ነበር። አሸዋው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ሆነና ለጠርሙስ አልሆን አለ። አጠገቡም የካባራ ረግረግ ነበር፤ በዚያው ዘመን የሐዴራን መሥራቾች የፈጀችው ወባ ያለችበት አካባቢ ማለት ነው። ሥራው ከሸፈ፤ ዲዘንጎፍም ወደ ኪሺኔቭ ተመለሱ።

በ1905 መጥተው ያፎ ተቀመጡ። ይሄኛውም ጊዜ የመረጡት ቦታ አሸዋ ነበር! በ1909 66 ቤተሰቦች በዕጣ የተካፈሉት፣ የኋላዋ ቴል አቪቭ። ጥሬ ዕቃ የሚባል ነገር የላትም፤ ወደቡ ግን ቅርብ ነው፣ ሰውም ይመጣል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከፖላንድ የመጡት ሱቅና ትንንሽ ፋብሪካ ከፈቱ። ፋብሪካው ሠራተኛ ጠራ፣ ሠራተኛው ቤት ፈለገ፣ ቤቱ ደግሞ ሌላ ሱቅ አስከፈተ። ታንቱራ የጠበቀችው አንድ ገዢ ብቻ ነበር፤ ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው።

ዲዘንጎፍ በመካከሉ ሥልጣን ከለቀቁበት ጊዜ በቀር እስከ ሞታቸው ከተማዋን መሩ። በ1936 አመጽና አድማ ተነሥቶ የያፎ ወደብ ሲዘጋ ከተማዋ ቆማ አልጠበቀችም፤ በሜይ ወር አንድ መርከብ በራሷ ዳርቻ ሲሚንቶ አራገፈ፣ የእንጨት ማራገፊያም ተሠራ። ያኔ የ75 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር አረፉ።

የእስራኤል ነጻነት በ1948 የታወጀው በእርሳቸው ቤት ውስጥ ነው። የጠርሙስ ፋብሪካው ሕንጻም ናሕሾሊም ላይ ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። ለመዋኘት ስትወርዱ ጎራ በሉ፤ አሸዋውንም ዘገን አድርጋችሁ እዩት።