ውሻን ከመግራት በፊት፦ አዳኙ ደራሲ ኢቫን ቱርጌኔቭ

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው የጭሮ ከተማ በጨርጨር ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ባሉት ዳገቶች፣ በማሽላው ማሳ ዳርና በቁጥቋጦው ጥግ፣ ማለዳ የቆቅ ድምፅ መስማት የተለመደ ነው። ወደ ሚኤሶ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ጅግራ በመንጋ ትታያለች። ከእነዚህ ሁሉ የምታንሰው ድርጭት በደጋው ሣርና አዝመራ ውስጥ ትሸሸጋለች። ይህች ትንሽ ወፍ በሩሲያና በአውሮፓ ሜዳዎች ከምትራባው ድርጭት ጋር ዝርያዋ አንድ ነው። የሰሜኖቹ ድርጭቶች ብርዱን ሸሽተው ወደ አፍሪካ ይሰደዳሉ፤ በኢትዮጵያ ደጋዎች የምትኖረው ንኡስ ዝርያ ደግሞ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ አገሪቱን በዞረው በጀርመናዊው የአእዋፍ ተመራማሪ በካርሎ ፎን ኤርላንገር ስም ትጠራለች።

በጭሮ፣ በሂርናም ሆነ በገለምሶ ውሻ የሚታወቀው በግቢና በከብት ጠባቂነቱ ነው። ወፏን ሳያስደነግጥ በሽታዋ ብቻ ፈልጎ፣ ባለችበት ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ በመቆም ለጌታው የሚያመለክት ውሻ የማሠልጠን ሙያ የዳበረው በአውሮፓ ነው። ስለዚህ ሙያ የጻፉ ብዙ ናቸው፤ ከውሻ ኋላ መራመድ ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ በሕይወቱም በሥራውም ያሳየ ግን እንደ ሩሲያዊው ደራሲ እንደ ኢቫን ቱርጌኔቭ ያለ አይገኝም። ሩሲያ ለጨርጨር ፈጽሞ ባዕድ አይደለችም። ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን በአርአያነት ያደራጇት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደዚያች አገር ሄደው ያደጉና የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአለንጋው ልጅ

ቱርጌኔቭ በ1818 በኦርዮል ከተማ ተወለደ። ያደገው ስፓስኮዬ በተባለው በእናቱ ርስት ነው። እናቱ ቫርቫራ ፔትሮቭና ከመሬቱ ጋር ተቆራኝተው እንደ ዕቃ የሚሸጡና የሚለወጡ አምስት ሺህ ያህል ገባሮች የነበሯት ባለጸጋ ነበረች። በገባሮቿ ላይ የምትሰነዝረውን አለንጋ ከልጆቿም ላይ አታነሣም ነበር። ኢቫን በጥቂት ጥፋት፣ አንዳንድ ጊዜም ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሳይነገረው፣ ይገረፍ ነበር። የፈረሰኛ መኮንን የነበረው አባቱ በ1834 ሲሞት ልጁ ገና የ16 ዓመት ወጣት ነበር።

ከዚያ ቤት መውጫ በር የሆነው አደን ነበር። የርስቱ አዳኞች ራሳቸው ገባሮች ነበሩ፤ ጌታ የሆነው ልጅ ግን በረግረጉና በጫካው ውስጥ የእነሱ ደቀ መዝሙር ሆነ። ከእነሱም መካከል አፋናሲ አሊፋኖቭ የተባለው ሰው ለብዙ ዘመን የአደን ጓደኛው ሆኖ ኖሯል። በሞስኮ፣ በፒተርስበርግና በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች የተማረው ቱርጌኔቭ ስለ አገሩ ገበሬ ያወቀውን ያወቀው ግን በመማሪያ ክፍል አልነበረም። ዝናብ ሲይዘው በተጠለለበት ጎጆ፣ ሌሊቱን ባሳለፈበት የሣር ክምር፣ ውኃ ለምኖ በጠጣበት ደጃፍ ነው።

ግልገሉን ውሻ የመግራት ሙያ

በዚያ ዘመን አመልካች ውሻ የሩሲያ አዳኝ ዋና ሀብት ነበር። የውሻው የሩስኛ ስም መተኛት ከሚለው ግስ የተገኘ ነው፤ ጠመንጃ ሳይስፋፋ በፊት ውሻው ወፏን ሲያገኝ መሬት ላይ ይተኛና አዳኞቹ በላዩ ላይ መረብ ይጥሉ ነበርና። ጠመንጃ ከመጣ በኋላ ውሻው ቆሞ እንዲያመለክት ተፈለገ። አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ፣ አፍንጫውን ሽታው ወደሚመጣበት አቅንቶ እንደ ሐውልት ይቆማል።

ይህ አቋቋም በሥልጠና የተፈጠረ አይደለም። አድኖ የሚበላ አውሬ ሁሉ ዘሎ ከመያዙ በፊት ለቅጽበት ቆም ይላል። አርቢዎች ቆም ማለቱ የሚረዝምባቸውን ውሾች እየመረጡ በማዳቀል ቅጽበቷን ወደ ደቂቃዎች አደረሷት። እንግዲህ የአሠልጣኙ ሥራ በግልገሉ ውስጥ ያለውን ጠባይ ሳያበላሹ ማጽናት ነው።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከሜዳ ሳይሆን ከምግብ ሳሕን ነው። ግልገሉ ምግቡ ፊቱ ቀርቦ ሳለ እስኪፈቀድለት ድረስ እንዲታገሥ ይለማመዳል። ሩሲያውያን አዳኞች ለዚህ ከፈረንሳይኛ የወሰዷቸው ሁለት ቃላት ነበሯቸው፤ ለመከልከል ቱቦ፣ ለመፍቀድ ፒል ይሉ ነበር። ይህን የለመደ ግልገል በኋላ ሜዳ ላይ ወፍ ሲሸተው በዚያው ቃል ይታገሣል። ቀጥሎ በረጅም ገመድ ታስሮ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ሜዳውን ግራና ቀኝ እንዲያስስ ይደረጋል፤ ሽታውን የሚያመጣለት ነፋሱ ነውና። ሲቆም አሠልጣኙ ሳይቸኩል ከኋላው ይደርስና በእጁ እየዳበሰ ያረጋጋዋል። ወፏ ተነሥታ ስትበር ግልገሉ ሊከተል ቢሞክር ገመዱ ይይዘዋል፤ አሠልጣኙም መልሶ ከቆመበት ቦታ ያቆመዋል። የጠመንጃ ድምፅ በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ከቅርብ ይሰማል። የወደቀችውን ወፍ በለስላሳ አፍ፣ ሳያደቅ ይዞ መምጣት የመጨረሻው ትምህርት ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አብዛኛው ጥፋት የሚመነጨው ከሰውየው ነው። ግልገሉ ሥርዓት አፍርሶ ያስነሣትን ወፍ አዳኙ ጓጉቶ ቢተኩስባት፣ የብዙ ወር ትምህርት በአንድ ጥይት ይፈርሳል፤ ውሻው ማባረር እንደሚያዋጣ ተምሯልና። ሸሽቶ የቆየውን ውሻ ሲመለስ የሚገርፍ ሰውም መመለስ እንደሚያስገርፍ እንጂ ሌላ አያስተምረውም። ውሻው በአንድ አቅጣጫ ሲያመለክት አዳኙ በሌላ ቢመለከት፣ ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ ይሆናል። ቅጣትም ሆነ ሽልማት ከድርጊቱ ጋር በጊዜ ካልተቆራኘ ከንቱ እንደሆነ ነባር አዳኞች በልምድ ያውቁ ነበር፤ የምግብ መፈጨትን በማጥናት በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢቫን ፓቭሎቭም በውሾች ላይ ባደረገው ምርምር የዚህን ዕውቀት ሳይንሳዊ መሠረት አስቀምጧል።

የየርሞላይ ውሻ

ቱርጌኔቭ በ1847 ስለ ገበሬዎች የጻፈውን የመጀመሪያ ትረካ ሶቭሬሜኒክ በተባለው መጽሔት አወጣ። ተከታታዮቹ ተሰብስበው በ1852 የአዳኝ ማስታወሻ በሚል መጽሐፍ ታተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ የርሞላይ የተባለ፣ ከአፋናሲ አሊፋኖቭ ጠባይ የተቀዳ ገባር አዳኝ ይገኛል። ይህ ሰው ቫሌትካ የሚባል ግሩም አመልካች ውሻ አለው፤ ነገር ግን አይመግበውም። ውሻ ብልህ እንስሳ ስለሆነ ምግቡን ራሱ ይፈልግ ባይ ነው። የየርሞላይም ጌታ በየወሩ የተወሰኑ የዱር ወፎች ለወጥ ቤቱ እንዲያቀርብ ያዘዋል እንጂ ባሩድም ሆነ እርሳስ አይሰጠውም። ደራሲው ነገሩን አያወግዝም፤ ጌታው ለአዳኙ ጥይት የሚነፍገው፣ አዳኙ ለውሻው ምግብ በሚነፍግበት በዚያው ሕግ መሆኑን ብቻ ጠቁሞ ያልፋል። አንባቢው ግን ከላይ እስከ ታች የተዘረጋውን ሰንሰለት ያየዋል።

የመጽሐፉ ኃይል በዚህ ዓይነት ዝምታ ላይ የቆመ ነው። ከውሻ ኋላ የሚሄድ ሰው መጮህ አይችልም፤ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ያያል፣ ይጠብቃል። ቱርጌኔቭ ይህን ሥርዓት ወደ ብዕሩ አሻገረው። መንግሥት ግን ዝምታውን ሰማ፤ መጽሐፉ እንዲታተም የፈቀደው ሳንሱር ከሥራው ተሰናበተ።

ሙሙ

በዚያው በ1852፣ መጽሐፉ ከመታተሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ቱርጌኔቭ ስለ ደራሲው ጎጎል ሞት የጻፈው ኀዘን መግለጫ በፒተርስበርግ ተከልክሎ በሞስኮ በመውጣቱ ተያዘ። አንድ ወር ታስሮ ከቆየ በኋላ ወደ ስፓስኮዬ ተልኮ እስከ 1853 መጨረሻ ድረስ ከዚያ እንዳይወጣ ተደረገ። በእስር ቤት ሳለ የጻፈው ሙሙ የተሰኘው አጭር ልብ ወለድ የአንድ መስማትና መናገር የተሳነው ገባር ታሪክ ነው። ጌራሲም የተባለው ይህ ብርቱ ሰው ከወንዝ ዳር አንሥቶ ያሳደጋት ትንሽ ውሻ ነበረችው፤ እመቤቲቱ ግን ድምፅዋ እንቅልፍ ነሣኝ ብላ እንድትወገድ አዘዘች። ጌራሲም በገዛ እጁ ከወንዝ አሰጠማት።

ታሪኩ መሠረት ያደረገው በቱርጌኔቭ እናት ቤት ያገለግል የነበረውን አንድሬይ የተባለ ገባር ነው። እውነተኛው አንድሬይ ውሻው ከጠፋች በኋላም እመቤቱን በታማኝነት ማገልገሉን ቀጠለ። ደራሲው ግን ፍጻሜውን ለወጠው፤ ጌራሲም ትእዛዙን ከፈጸመ በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ያለ ፈቃድ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል። ልጁ በእናቱ ላይ የፈረደው በዚህች ለውጥ ነው። እናቱ በ1850 ስትሞት የቤት አገልጋዮቹን ነፃ አውጥቷቸው ነበር። በ1861 ዓፄ እስክንድር 2ኛ የገባርነትን ሥርዓት በአዋጅ ሲሽሩ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነፃ ወጣ፤ ለዚህም አስተሳሰብን ካዘጋጁት ጽሑፎች መካከል የአዳኝ ማስታወሻ ይቈጠራል።

ሃምሳና ሃምሳ

ቱርጌኔቭ ከ1863 ጀምሮ የሚወዳት ዘፋኝ ፖሊን ቪያርዶ ከባለቤቷ ጋር በተቀመጠችበት በጀርመን ባደን ባደን ኖረ። ባለቤቷ ሉዊ ቪያርዶ ራሱ አዳኝ ስለነበር ሁለቱ አብረው ያድኑ ነበር። ፔጋዝ የተባለው የቱርጌኔቭ ውሻ በአካባቢው ስሙ የገነነው በዚህ ጊዜ ነው። ፔጋዝ ንጹሕ ዘር አልነበረም፤ ከእንግሊዝ ሴተርና ከጀርመን የበግ ጠባቂ ውሻ የተዳቀለ ነበር። ቢሆንም ቆስለው የተሰወሩትን እንስሳት ፈልጎ በማግኘት የሚተካከለው አልነበረም። ጌታውም በ1871 ስለ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጻፈለት።

በ1876 ደግሞ በሩሲያ የአደን መጽሔት የአዳኝን ሃምሳ ጉድለቶችና የአመልካች ውሻን ሃምሳ ጉድለቶች ዘርዝሮ አሳተመ። ዝርዝሩ ለቀልድ የሚቀርብ ቢመስልም በሚዛን የተሠራ ነው፤ ቍጥሩ እኩል ነው፣ የሰውየው ጉድለት ግን ይቀድማል። ጌታ በገባሩ ላይ እንዲፈርድ፣ አዳኝ በውሻው ላይ እንዲፈርድ በለመደ ማኅበረ ሰብ ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ ዘመኑ በድርጭት ስም የጻፈው የልጆች ታሪክም ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ነው። ከአባቱ ጋር ለአደን የወጣ ልጅ፣ ጫጩቶቿን ለማዳን የቆሰለች መስላ ውሻውን ስታርቅ የተያዘችና የሞተች ድርጭት ያያል። ውሻው የፈጸመው ተፈጥሮው ያዘዘውን ነው፤ ልጁ ግን ከዚያ ወዲያ አደን እየራቀው ይሄዳል። ዕድሜውን ሁሉ ያደነው ሰው ይህን ጽፎ ብዙም ሳይቆይ በ1883 በፓሪስ አጠገብ በቡዢቫል አረፈ፤ አስከሬኑ ወደ ፒተርስበርግ ተወስዶ ተቀበረ።

ወደ ጨርጨር

ስለ እንስሳ እየተናገሩ ስለ አገዛዝ የመናገር ጥበብ በኢትዮጵያም ሥር አለው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የአውሬዎችን ኮመዲያ በጻፉ ጊዜ ትችታቸው በእንስሳት አንደበት መቅረቡ ተውኔቱን ከእገዳ አላዳነውም። የገባርና የጭሰኛ ሥርዓት ዘመንም በጨርጨር ረጅም ነበር፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

በአሁኑ ጊዜ በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ድርጭቷና ቆቋ በጭሮ ዳገቶች ላይ የሚያስፈልጋቸው ከተኳሽ ይልቅ ታዛቢ ነው። አመልካቹ ውሻ ግን ለእንስሳት ሐኪሙ፣ ለአርቢውና ለባለ ውሻው የሚተወው ትምህርት ከአደኑ ጋር አይቀርም። የተዋከበ፣ የሚነክስ ወይም የማይታዘዝ ውሻ በገመድ ተስቦ በቀረበ ጊዜ፣ ምርመራው የገመዱን ሌላ ጫፍ ከያዘው እጅ ቢጀምር፣ ቱርጌኔቭ በ1876 ያስቀመጠውን ቅደም ተከተል መከተል ነው።