ክሪስቶፈር ሾልስና የቁልፎቹ ተራ

በጽሕፈት መሣሪያ ፊት በየቀኑ የሚቀመጥ ሰው፣ የላቲን ፊደላት በቁልፎቹ ላይ ለምን ተራቸውን ጠብቀው እንዳልተሰደሩ የሚጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። መልሱ የሚገኘው በአንድ አሜሪካዊ አታሚ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው።

ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስ እ.ኤ.አ. በ1819 በፔንሲልቬኒያ ተወለደ። በወጣትነቱ የኅትመት ሙያ ተምሮ ወደ ዊስኮንሲን ተሻገረ፤ በዚያም የጋዜጣ አዘጋጅ፣ ቀጥሎም የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ሆነ። ዊስኮንሲን በ1853 የሞት ቅጣትን ስትሽር በብርቱ ከተሟገቱት አንዱ እርሱ ነበር።

ኋላ በሚልዋኪ ከተማ ከሳሙኤል ሱሌ ጋር የገጽ ቁጥር የሚያትም መሣሪያ ሠራ። ይህን የተመለከተው ካርሎስ ግሊደን ቁጥር የሚያትመው መሣሪያ ፊደልም እንዲያትም ቢደረግ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚህም የተነሣ ሦስቱ ሰዎች ሰኔ 23 ቀን 1868 (እ.ኤ.አ.) ቁልፎቹ የፒያኖ ለሚመስሉት የጽሕፈት መኪና የባለቤትነት መብት አገኙ።

ሆኖም መኪናው በሥራ ላይ ሲፈተን ደካማ ሆነ። ገንዘብ አቅራቢው ጄምስ ዴንስሞር መኪኖቹን ለፍርድ ቤት ጸሐፊው ለጄምስ ክሌፋን ሰጠ፤ ክሌፋንም እያከታተለ ሰባበራቸው፤ ጉድለታቸውንም ያለ ርኅራኄ ዘረዘረ። ሾልስ በነቀፌታው ቢማረርም ሥራውን አልተወም። የፊደል ዘንጎቹ በክብ የተንጠለጠሉ በመሆናቸው ጎረቤታሞቹ በፍጥነት ሲመቱ ይጋጩ ነበር። የፊደሉም ተራ የተለወጠው ይህን ለማስቀረት ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ አዘውትረው የሚከታተሉት ኢ እና አር ዛሬም ጎን ለጎን ስለሚገኙ ይህ ምክንያት ብቻውን አያጠግብም። የቴሌግራፍ ሠራተኞች ፍላጎትም ድርሻ ነበረው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

በ1873 ጠመንጃና የስፌት መኪና ይሠራ ከነበረው ከሬሚንግተን ፋብሪካ ጋር ውል ተፈረመ። በ1874 በ125 ዶላር ለገበያ የቀረበው መኪና የሚጽፈው በትልልቅ ፊደላት ብቻ ሲሆን፣ ጸሐፊው የጻፈውን ወዲያው ለማየት አይችልም ነበር። በ1878 ትልቁንም ትንሹንም ፊደል የሚጽፈው ሁለተኛው ሞዴል ወጣ።

ሾልስ ግን በገዛ ሥራው አልረካም። በ1889 ፍጹም የተለየ የፊደል ተራ ላለው መኪና ማመልከቻ አቀረበ፤ የካቲት 17 ቀን 1890 (እ.ኤ.አ.) ሞተ፤ መብቱም የጸደቀው በ1896 ነበር። ነገር ግን የጸሐፊዎች ጣት አስቀድሞ የቀደመውን ተራ ለምዶ ስለነበር አዲሱን የተቀበለው አልነበረም።

ዛሬ ዘንጎቹ የሉም። በሊነክስ ኮምፒዩተር ላይ ቁልፍ ሲነካ የሚላከው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው በፕሮግራሙ ውስጥ የተመዘገበው የቁልፎች ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ ያልተፈለገ ፊደል በሚታይበት ጊዜ ብልኅ መሐንዲስ ገበታውን ከመፍታቱ በፊት ሁለት ነገር ይመረምራል፤ ይኸውም ቁልፉ ቁጥሩን መላኩንና የተመረጠው ሠንጠረዥ ከገበታው ጋር መስማማቱን ነው። የአማርኛው ሠንጠረዥም የሚመረጠው ከዚያው ዝርዝር ነው።

የቁልፎቹን ተራ መለወጥ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ እኛ ግን የ1870ዎቹን ተራ ይዘን እንገኛለን። እኛም ለዛሬ ችግር ብለን የምንወስነው መፍትሔ ችግሩ ከጠፋ በኋላ የልጅ ልጆቻችንን እጅ ሊገዛ እንደሚችል የሾልስ ሕይወት ያስተምረናል።