ኢንግሪድ በርግማን፦ ፍቅርና ጥርጣሬ

በዚህ እትም የማወጋችሁ ስለ ስዊድናዊቷ የፊልም ተዋናይ ስለ ኢንግሪድ በርግማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በስቶክሆልም ተወለደች። እናቷን በሕፃንነቷ፣ አባቷን በ13 ዓመቷ በሞት አጣች። ዘመዶቿ ዘንድ አድጋ ትወና ተማረች፤ በ1939 ወደ አሜሪካ ተሻገረች።

ስሟን ካስጠሩት ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ሁለቱ ስለ ፍቅርና ጥርጣሬ ናቸው። በ1944 በወጣው «ጋዝላይት» ባሏ ዕቃ እየደበቀ የጣለችው እሷ እንደሆነች ያሳምናታል። ማታ ማታ የጋዝ መብራቱ ሲደበዝዝ ታያለች፤ ግን አእምሮዋ የታወከ ይመስላታል። ስለምትወደው ከእሱ ይልቅ ራሷን መጠርጠር ይቀላታል። ፈላስፋው ዴካርት ሁሉን ተጠራጥሮ በመጨረሻ ሊጠራጠረው ያልቻለው የሚያስበውን ራሱን ነበር። ይህችን ሴት ባሏ የነጠቃት ይህንኑ ነው። በዚህ ሥራዋ ኦስካር ተሸለመች።

ሂችኮክ በ1946 ባቀረበው «ኖቶሪየስ» ደግሞ ተጠርጣሪዋ እሷ ናት። የሚወዳት ሰው ያለፈ ሕይወቷን እያሰበ ሊያምናት አልቻለም። ቡናዋ ውስጥ መርዝ እየተጨመረ ስትዳከም፣ እሱ ወደ መጠጥ የተመለሰች መሰለው። መጠርጠር ብልህነት ይመስለናል፤ ይህ ሰው ግን ዓይኑ እያየ እውነቱን የሳተው በጥርጣሬው ነው።

የሰው ፍርድ በእውነተኛ ሕይወቷም አልቀረላትም። በ1949 ባለትዳር ሳለች ለፊልም ሥራ ጣሊያን ሄዳ ከዳይሬክተሩ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ ጋር ፍቅር ያዛት፤ በ1950 ከእሱ ወለደች። በአሜሪካ ሴኔት ሳይቀር ተወገዘች፤ ከበኩር ልጇም ለረጅም ጊዜ ተለያየች። ሁሉ ትክክል ነበረች አልልም፤ ዋጋውን ግን ከፍላለች። በ1956 በ«አናስታሲያ» ተመልሳ ሁለተኛ ኦስካሯን ወሰደች። ነሐሴ 1982፣ ልክ 67 ዓመት በሞላት ቀን፣ በጡት ካንሰር ለንደን ውስጥ አረፈች።

«ጋዝላይት» ላይ ሴትየዋን ያዳናት አንድ መርማሪ መብራቱ ሲደበዝዝ እሱም ማየቱ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ካዝና ሲቆጠር ሁለት ሰው የሚፈርመው ገንዘብ ያዡ ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ አንድ ዓይን ስለሚሳሳት ነው። ትዳርም ሲጨልም እንዲሁ ሁለተኛ ዓይን ያስፈልጋል። እህታችን መብራቱ ደበዘዘብኝ ካለችን፣ አንጠርጥራት፣ አንፍረድባትም፤ ቀና ብለን አብረናት እንይ።