ሐዲስ ዓለማየሁ፦ ዘማቹ፣ ሹሙና የገበሬው ጠበቃ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እኔ የቡሬ ልጅ በመሆኔ ማንኩሳን የማውቃት በገበያዋ ነበር። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በራዲዮ የበዛብህ የትውልድ አገር ሆና ስትተረክ ስሰማ ግን ሌላ አገር መስላ ታየችኝ። ከዚያ ወዲህ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተነሣ ቁጥር ጨዋታው የሚያልቀው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን ሌላውን ሐዲስ ዓለማየሁን ነው፤ ለአገር ዘምተው የታሰሩትን፣ ተሹመው ደግሞ ስለ ገበሬው የተከራከሩትን።

ሐዲስ በ1900ዎቹ መጀመሪያ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከቄስ ቤት ተወለዱ። ደብረ ኤልያስን በመሰሉ የጎጃም አድባራት ቅኔና ዜማ ተምረው አዲስ አበባ ዘለቁ፤ በዘመናዊ ትምህርት ቤትም ገቡ። ወደ ጎጃም ተመልሰው በዳንግላ ጉምሩክ ጸሐፊ፣ በደብረ ማርቆስ ደግሞ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። ገና ሥራውን ሳይጠግቡ ጣሊያን መጣ።

በ1928 ዓ.ም. የጎጃም ጦር በራስ እምሩ መሪነት ወደ ሽሬ ሲዘምት ሐዲስም አብረው ሄዱ። ያ ጦር በታኅሣሥ ወር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ጠላትን ድል አድርጓል። ከዚያ ግን በሰው ገላ ላይ የሚዘንበው የመርዝ ጋዝ መጣ። የጦር ግንባሩ ሲፈርስ ሐዲስ ወደ ቤታቸው አልገቡም፤ ራስ እምሩን ተከትለው ወደ ምዕራብ ወረዱ። በ1929 ዓ.ም. ከፋ ውስጥ፣ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ተማረኩና ወደ ጣሊያን ተጋዙ።

ፖንዛና ሊፓሪ የሚባሉ ደሴቶች ወጣትነታቸውን በሉት። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠላት የቡሬን ምሽግ ጥሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግና የእኛ አያቶች እልል ሲሉ፣ ሐዲስ ገና ባሕር መካከል እስረኛ ነበሩ። የሚገርመው ደግሞ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ በ1935 ዓ.ም. ክረምት የታሰረው እዚያው ፖንዛ፣ ቀድሞ ራስ እምሩ በታሰሩበት ቤት መሆኑ ነው። ሐዲስም የተባበሩት መንግሥታት ጦር ደሴቶቹን ሲይዝ ነፃ ወጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሹመት ታሪክ ነው፤ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት መልእክተኛ፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደን አምባሳደር፣ የፕላን ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ብዙ የቀድሞ ዘማች እንዲህ ያለ ወንበር ሲያገኝ አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። ሐዲስ ግን አንድ ጥያቄ አልለቃቸውም። ለዚች አገር ነፃነት የተዋደቀው ገበሬ በገዛ አገሩ ነፃ ነው ወይ?

መልሳቸው በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ በላይ አምጡ ሲሉ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት አሻፈረን ይላሉ፤ ሊቀጧቸው የዘመቱት ፊታውራሪም ራሳቸው ይማረካሉ። ጉዱ ካሣም ሥርዓቱ ካልታደሰ ሁሉንም ይዞ እንደሚወድቅ ያስጠነቅቃል። ይህን የጻፈው ከውጭ ሆኖ የሚራገም ሰው ሳይሆን የዚያው መንግሥት ባለሥልጣን ነው!

ልቦለድ ነው ብሎ ያለፈው ሰው ብዙ አልቆየም። ገና በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አነሣ፣ ውዝፍ ግብርም ማረ። ምክሩ በጊዜው ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ነፍስ ይተርፍ ነበር?

ሐዲስ በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው አብዮት የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ቀርቦላቸው አልቀበልም ማለታቸውም በሰፊው ይነገራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ደስ ያለው ብዙ ነው፤ ሥልጣን በሕግ የመገደቡ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። እርሳቸው ወደ ብዕራቸው ተመለሱ፤ በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ በ1980 ዓ.ም. «የልምዣት»ን ጻፉ። በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዐረፉ።

ሐዲስ ሥርዓቱን እያገለገሉ ሥርዓቱን መክሰሳቸውን እንደ ድክመት የሚያዩ አሉ፤ ለምን ቀድመው አልለቀቁም ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ከውስጥ ሆኖ እውነቱን በስሙ መጥራት ቀላል አይመስለኝም። ወንበሩ ብዙ ሰው ያስረሳል፤ እርሳቸውን ግን የገበሬውን ሸክም አላስረሳቸውም። ደመወዝ እየበላን በየቢሮው የተቀመጥን የተማርን ሰዎች ከፍቅሩ ታሪክ ባሻገር ልንወስደው የሚገባን ቁም ነገር፣ በእኔ እምነት፣ ይኸው ነው።