የብረት ቀጥቃጩ ልጅና የትራንስፎርመር ምሥጢር

መብራት በገባላቸው የገጠር ከተሞች በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ እምም የሚል ድምፅ የሚያሰማው የብረት ሣጥን ትራንስፎርመር ይባላል። የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ኃይል በዚህ ሣጥን በኩል ሳያልፍ ለሥራ አይውልም። ለዚህ መሣሪያ መሠረት የጣለው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፋራዴይ በ1791 ዓ.ም. ለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን፣ ጤናው የታወከ በመሆኑ ቤተሰቡ በችግር ይኖር ነበር። በ1801 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በናረ ጊዜ ለትንሹ ማይክል ለሳምንት የሚሆን አንድ ዳቦ ይሰጠው እንደነበር ይነገራል። ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመጠነኛ ሒሳብ በስተቀር ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው የለም። በ14 ዓመቱ በአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባና ሰባት ዓመት ሠራ። ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት እያነበበም ስለ ኤሌክትሪክ የመጀመሪያውን እውቀት ቀሰመ።

በ1812 ዓ.ም. ሰር ሃምፍሪ ዴቪ የተባለውን የታወቀ የኬሚስትሪ ሊቅ ንግግር የሚሰማበት ዕድል አገኘ። የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ በራሱ እጅ ጠርዞ ለሊቁ ላከለት። በ1813 ዓ.ም. በሮያል ኢንስቲትዩሽን የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በዚያው ዓመት ከዴቪ ጋር ወደ አውሮፓ አገሮች ሲጓዝ የዴቪ ባለቤት እንደ አሽከር ትቆጥረው ስለነበር ብዙ ተማርሯል። ይሁን እንጂ ንቀቱን ችሎ ትምህርቱን ቀጠለ።

በ1820 ዓ.ም. የዴንማርኩ ኧርስቴድ፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ ገልጦ ነበር። ኤሌክትሪክ ማግኔትነትን ከፈጠረ፣ ማግኔት ደግሞ ኤሌክትሪክ ሊሰጥ አይችልምን? ፋራዴይ ይህን ጥያቄ ይዞ ለዓመታት ቢሞክርም ውጤት አላገኘም ነበር።

ኦገስት 29 ቀን 1831 ዓ.ም. አንድ የብረት ቀለበት ወስዶ በሁለት ወገን የመዳብ ሽቦ ጠመጠመበት። ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩም በክርና በጨርቅ ለያያቸው። አንደኛውን ጥምጥም ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ፣ በሁለተኛው በኩል የነበረው መርፌ ተወዛወዘ፤ ወዲያውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ባትሪው እንደተገናኘ ቢቆይም መርፌው አልተንቀሳቀሰም። ግንኙነቱን ሲያቋርጠው ግን መርፌው እንደገና ተወዛወዘ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚፈጠረው በብረቱ ውስጥ ያለው ማግኔትነት ሲለዋወጥ ብቻ ነው። ከባትሪ የሚወጣው ዲሲ የሚባለው ኤሌክትሪክ ዘወትር በአንድ አቅጣጫ ሳይለዋወጥ ስለሚፈስ፣ ማግኔትነቱም ባለበት ይቆማል፤ በሁለተኛው ጥምጥም የሚገኝ ነገር አይኖርም። ኤሲ የሚባለው ግን አቅጣጫውን ያለ ማቋረጥ ይቀያይራል። በአገራችን መስመሮች ይህ ምልልስ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይፈጸማል። ስለዚህ ማግኔትነቱ ዕረፍት የለውም፤ ትራንስፎርመሩም ያለ ማቋረጥ ይሠራል።

የቮልቱ መጠን የሚወሰነው በጥምጥሞቹ ብዛት ነው። የመጀመሪያው 1,000 ዙር፣ ሁለተኛው 100 ዙር ቢኖረው፣ ቮልቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በሽቦው የሚፈሰው መጠን ደግሞ ወደ አሥር እጥፍ ያህል ያድጋል። ኃይል በረጅም መንገድ ሲላክ በሙቀት የሚባክነው በፍሰቱ ብዛት ነው። ቮልቱ አሥር እጥፍ ቢጨምር ፍሰቱ ወደ አንድ አሥረኛ፣ ብክነቱም ወደ አንድ መቶኛ ይቀንሳል። ከግድብ የሚመጣው ኃይል በከፍተኛ ቮልት ተጉዞ፣ መንደር ሲደርስ ዝቅ የሚደረገው ስለዚህ ነው።

ፋራዴይ ከግኝቱ ሀብት ለማካበት አልፈለገም። ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝለትን የንግድ ሥራ ትቶ በምርምሩ ጸና፤ በገና ሰሞንም ለልጆች ሳይንስ ያስተምር ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የማስታወስ ችሎታው ደከመ፤ በ1867 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ አረፈ። ለሥራ የሚውል ትራንስፎርመር ግን አላየም። ይህን በ1885 ዓ.ም. በቡዳፔስት የጋንዝ ፋብሪካ ሦስት መሐንዲሶች ሠሩት፤ በተከታዩም ዓመት አሜሪካዊው ዊልያም ስታንሊ በግሬት ባሪንግተን ከተማ ለመብራት አዋለው።

ከቀለበቱ የሚገኝ አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ 15,000 ቮልትን ወደ 380 እንደሚያወርድ ሁሉ፣ 380ውን መልሶ ወደ 15,000 ያወጣል። መብራት ሲጠፋ የወፍጮ ቤት ጄኔሬተር ከዋናው መስመር ሳይለይ ቢነሣ፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሽቦው ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጄኔሬተር ያለው ማኅበር ሁሉ፣ ሁለቱን ኃይል የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያ በባለሙያ ማስገጠሙን ማረጋገጥ ይኖርበታል።